«በገዛ ግቢዬ ማን ሊከለክለኝ?»

ጥያቄ፦

እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ። ዕድሜዬ 36 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከወላጆቼ የወረስኩት ሰፊ ግቢ ውስጥ መኖር ጀመርኩ። ግቢው በታች በኩል ከትንሽ ወንዝ ጋር ይዋሰናል። ዳር ዳሩን ትልልቅ ዛፎች አሉበት። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ደስተኛም ነኝ። በቅርቡ ፈቃድ አውጥቼ፣ በራሴ ገንዘብ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ ፓምፕም አስገጠምኩ። ዕቅዴ ችግኝ እያፈላሁ መሸጥ ነው። ፀሐይ እንዲገባልኝ ዛፎቹን ለመቁረጥም አስቤያለሁ።

ጎረቤቶቼ የተነሱብኝ ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ስለ ጉድጓዱ ያወራል፣ ሌላው ስለ ዛፎቹ። ጭራሽ ትዳር አለመያዜ፣ ማታ ማታ ትራምፔት መንፋቴ፣ ስብሰባቸው ላይ አለመገኘቴ ሁሉ ይነሳል። ፓምፑን በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ከታች ያሉት ጎረቤቴ ባልዲያቸው ጭቃ ይዞ ወጣ ብለው መጡ። በጋ ስለሆነ ይሆናል። ግቢው የኔ፣ ገንዘቡ የኔ። ትልልቅ ፋብሪካዎች ወንዝ ሙሉ ሲበክሉ ማንም ምንም አይላቸውም፤ እኔ ላይ ሲሆን ይህ ሁሉ ለምን? ነፃነት ታዲያ ምንድነው? እህቴ «እስቲ ሰው ጠይቅ» ስላለችኝ ጻፍኩልዎ።

መልስ፦

ወንድሜ፣

በመጀመሪያ እህትህን አመስግንልኝ። በንዴት መሀል «ሰው ጠይቅ» የሚል ዘመድ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጎረቤቶችህ ብዙ ነገር በአንድ ከረጢት ከተው ነው ያመጡብህ። አንተም ከረጢቱን ሳትፈታ ሁሉንም በአንድ ቃል መለስክላቸው፦ «ግቢው የኔ ነው።» እስቲ አብረን እንፍታው። ውስጡ ያሉት ነገሮች መልሳቸው ለየቅል ነው።

ትዳር አለመያዝህ የማንም ጉዳይ አይደለም። አራት ነጥብ። ብቻህን መኖር ከተስማማህ ለማንም ማብራሪያ አትሰጥም። ስብሰባ አለመሄድህም እስካሁን መብትህ ነበር፤ ወደ እሱ እመለስበታለሁ። በዚህ በኩል ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነኝ። ሰው ኑሮው የሌሎችን ስላልመሰለ ብቻ ሲወቀስ ማየት ያመኛል። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ከሰፈር ለቋል፣ ስንቱ የማይፈልገውን ኑሮ ኖሯል።

መከፋትና መጎዳት አንድ አይደሉም። አኗኗርህ ከፍቷቸው ይሆናል። ግን አንተ ባለማግባትህ ከማንም ቤት ምንም አልጎደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህን ነገር አጥርቶ አስቀምጦታል። አንድን አዋቂ ሰው ያለ ፈቃዱ መገደብ የሚቻለው ሌሎችን እንዳይጎዳ ሲባል ብቻ ነው ይላል። ለራሱ ይበጀዋል ተብሎ አይደለም። ኑሮው ለሌሎች አላማረም ተብሎም አይደለም።

ይህ ሐሳብ ላንተ ጋሻ ነው። ግን ጋሻው የሚሠራው «ሌሎችን እንዳይጎዳ» የምትለዋን ነገር እስካልነካህ ድረስ ነው። እዚያ ስትደርስ ግቢው የማን ነው የሚለው አይበቃም። የምትሠራው ነገር አጥር ያልፋል ወይ? ጥያቄው ይኼ ነው።

የትራምፔቱ ድምፅ አጥር ያልፋል፤ ግን ቀላል ነው። ሰዓት ወስን፣ መስኮት ዝጋ፣ ከትራምፔቱ አፍ የሚሰካ ድምፅ መቀነሻም አለ። መንፋትህን ግን እንዳታቆም።

አሁን ወደ ጉድጓዱ።

ደብዳቤህ ውስጥ በንዴት መሀል ሹልክ ብላ ያለፈች አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። ከታች ያሉት ጎረቤትህ በሦስተኛው ቀን ባልዲያቸው ጭቃ ይዞ ወጣ። አንተም ወዲያው «በጋ ስለሆነ ይሆናል» ብለህ ዘጋኸው። እኔ እዚያች ላይ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ያነበብኩት እሳቸውን እያሰብኩ ነው። ለዓመታት በአንድ ገመድ የቀዳ ሰው እጁ ልኩን ያውቃል። ባልዲው ውሃ ሲመታ የሚሰማው ድምፅና ጭቃ ሲመታ የሚሰማው አንድ አይደለም። እሳቸው ያን ድምፅ ሰምተው፣ ባልዲውን ጎትተው፣ ውስጡን አይተው ነው አንተ በር ድረስ የመጡት።

በጋ ሊሆን ይችላል። የምሬን ነው። በጋ ሲረዝም ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ይቀንሳል። ግን እኔም አላወቅኩም፣ አንተም አላወቅክም። ልዩነታችን አንተ ማወቅ የምትችል መሆንህ ነው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው። «ነፃ ነኝ» የሚል ሰው የሥራው ውጤት የት ድረስ እንደሚሄድ የማጣራት ሸክም አብሮ ይሸከማል። ማጣራት እየቻልክ «ይሆናል» ብለህ ካለፍክ፣ ነፃነትህን የሚሸከምልህ ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ብዙዎቻችን እንደ ሐይቅ ተንጣሎ የሚቀመጥ አድርገን ነው የምናስበው። አብዛኛው ግን በአሸዋ፣ በጠጠርና በተሰነጣጠቀ ድንጋይ መሀል ቀስ እያለ የሚጓዝ ውሃ ነው። ፓምፕ ከአንድ ቦታ ሲስበው በዙሪያው ያለው ወደዚያ ይሰበሰባል። ስለዚህ የውሃው ወለል በጉድጓዱ ዙሪያ ይሰረጉዳል፤ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኖ። ይህ ስርጉድ አጥር አያውቅም። እየሰፋ ሲሄድ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ካገኘ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው። ያንተ ጥልቅ ነው፤ እንደሞላ ይቆያል። ችግሩን የፈጠረው ሰው ችግሩን የሚያየው መጨረሻ ላይ የሆነው ለዚህ ነው። ካንተ በፊት ጎረቤትህ ያወቁት አንተ ክፉ ሰው ስለሆንክ አይደለም፤ የእሳቸው ጉድጓድ አጭር ስለሆነ ነው።

ደግሞ ላይሆንም ይችላል። በሁለቱ ጉድጓዶች መሀል ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ንጣፍ ካለ፣ አንተ የምትስበው ውሃና እሳቸው የሚቀዱት ላይገናኝ ይችላል። ያን ጊዜ አንተ ነፃ ነህ፤ እሳቸውም የሌለ ጠላት አይፈልጉም። ስለዚህ ለካ።

የሚያስፈልግህ ረጅም ገመድ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት እሰር። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርግበት። ሰው የሚጠጣው ውሃ ስለሆነ ገመዱም ክብደቱም ንጹሕ ይሁን። ጎረቤትህን አስፈቅድ። ከዚያ ፓምፑን ለአራት ቀን አጥፋ። በየማለዳው፣ እሳቸው ከመቅዳታቸው በፊት፣ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ስንት እንደሆነ አብራችሁ ለኩና ጻፉት። በአምስተኛው ቀን ፓምፑን አስነሳና እንደዚያው አራት ቀን ለካ። ፓምፑ ሲጠፋ ውሃው ከፍ እያለ፣ ሲነሳ የሚወርድ ከሆነ ነገሩ በጋ አይደለም። ጠፍቶም በርቶም እኩል የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ያንተ ፓምፕ የመሆኑ ነገር ይቀንሳል። ባለሙያ ብታስመጣ ይህንኑ በተሻለ መሣሪያ ነው የሚሠራው፤ አቅም ካለህ አስመጣ። ሁለታችሁም የምታምኑት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። እስከዚያው ታንከርህ ውስጥ ካለው ውሃ አካፍላቸው። መለኪያው ውጤት እስኪያመጣ ሰው ሊጠማ አይገባም።

«ፈቃድ አለኝ» ብለሃል። ጥሩ አድርገሃል፣ ፈቃድ ሳያወጣ የሚቆፍር ብዙ ነው። ግን ፈቃድ የመጀመሪያው በር እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ሕግ ከመሬት በታች ያለውን ነገር ለረጅም ጊዜ ማየት አቅቶት ነበር። ሚል ያን ሐሳቡን ባሳተመበት በዚያው በ1859፣ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት አንድ ክርክር ወሰነ። አንድ የወፍጮ ባለቤት እሱም ከእሱ በፊት የነበሩትም ከ60 ዓመት በላይ ዋንድል በሚባል ወንዝ ውሃ ወፍጮ ሲያንቀሳቅሱ ኖረዋል። የክሮይደን ከተማ ለነዋሪው ውሃ ለማቅረብ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ወደ ወንዙ ይደርስ የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ ጉድጓዱ ጋ ቀረ። ወፍጮው ውሃ አነሰው። ባለቤቱ ከሰሰ፤ ተረታ። ከመሬት በታች እየሰረገ በሚሄድ ውሃ ላይ መብት የለህም ተባለ።

በ1895 ደግሞ የባሰ መጣ። ፒክልስ የሚባል ሰው የብራድፎርድ ከተማ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ በላዩ በኩል መሬት ነበረው። ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ወደ ሌላ ማስወጣት ጀመረ። ከተማው፣ እኛን አስጨንቆ መሬቱን እንድንገዛው ነው ብሎ ከሰሰው። ዳኞቹ ሐሳቡ ክፉም ቢሆን ለውጥ የለውም አሉ። መሬቱ የሱ ነው፤ ያደረገውም የተፈቀደ ነው፤ አለቀ። በመላው እንግሊዝና ዌልስ ከመሬት በታች ውሃ ለመሳብ ፈቃድ እንዲጠየቅ የሚያደርግ ሕግ የመጣው በ1963 ነው። ከወፍጮው ባለቤት መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «የተፈቀደ ነው» ማለት «ማንንም አልጎዳም» ማለት አልነበረም። ዛሬም አይደለም። ፈቃድ የሰጠህ ሰው የጎረቤትህን ባልዲ አላየውም። አንተ ግን አይተሃል፣ ወይም ነግረውሃል።

እንዲህ የምልህ ከላይ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት ግቢዬን ሲሚንቶ አስለበጥኩ። ጭቃ ሰልችቶኝ ነበር፤ ሲያልቅ ግቢው አማረኝ። ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከታች የሚኖሩ ትልቅ ሴት በሬን አንኳኩ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እስቲ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ወንበር ላይ ሰቅለውታል። ግድግዳቸው ላይ ውሃው የደረሰበት ቡናማ መስመር አለ። እጃቸውን ዘርግተው ለኩት፦ ስንዝር ከአራት ጣት። «ዘንድሮ ነው የጀመረው» አሉኝ፣ ከዚያ ዝም አሉ።

እኔ የተናገርኩትን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። «ዝናቡን እኔ አላመጣሁትም» አልኩ። እውነት ነበር። ግን ያ ዝናብ ድሮ የሚሰርግበትን አፈር የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ማታ ተኝቼ ያ መስመር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። በሳምንቱ ሰው ጠርቼ ሲሚንቶውን በሁለት መስመር አስነሳሁ፤ በአጥሩ ሥር ቦይ አስቆፍሬ ጠጠር አስሞላሁበት። ግድግዳቸውን አስጠግኜ አስቀባሁ። ግቢዬ እንደ በፊቱ አላማረም። እሳቸው ግን በቀጣዩ ክረምት ምንጣፋቸውን አላነሱም። ልብ በልልኝ፣ ሲሚንቶውን ሙሉ በሙሉ አላነሳሁትም። ግቢ ውስጥ በደረቅ መሬት መራመድ መብቴ ነበር፤ አሁንም እራመዳለሁ። የቀየርኩት ውሃው የሚወጣበትን ቦታ ብቻ ነው።

ላንተም የምመኘው ይህን ነው። ልኬቱ ያንተ ፓምፕ መሆኑን ካሳየ ጉድጓዱን ድፈነው አልልህም። የችግኝ ሥራህ ጥሩ ሥራ ነው፤ ውሃም የማግኘት መብት አለህ። ግን የምትስበውን መጠን ቀንስ። በጎማ ከማጠጣት የጠብታ መስኖ ብዙ ውሃ ያተርፍልሃል። ጣሪያህንም አትርሳው። በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 100 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ደህና ዝናብ ስንት ቀን እንደሚያጠጣህ አስላው። ይህም ካልበቃ የእሳቸውን ጉድጓድ በወጪህ አስጠልቅ፣ ወይም ከታንከርህ ቧንቧ ዘርጋላቸው። ይህን እንደ ችሮታ አትቁጠረው፤ የንግድህ ወጪ ነው። ካልከፈልክ እሳቸው ናቸው የሚከፍሉልህ፤ ገመድ እያስረዘሙ፣ በክንዳቸው።

አሁን ወደ ስብሰባው ልመለስ። ውሃ መሳብ ከጀመርክ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። በጋራ ነገር እጅህን ካስገባህ፣ ስለዚያ ነገር የሚወራበት ቦታ መገኘት አለብህ። ስለ ሌላው ሁሉ ካልፈለግክ ቅር።

ጋሬት ሃርዲን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1968 የጋራ የሆነ ነገር መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። እያንዳንዱ ለራሱ አንድ ላም ሲጨምር ግጦሹ ያልቃል፤ ማንም በራሱ አያቆምም አለ። ብዙ ሰው አመነው። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ግን ሰዎች በእውነት የሚያደርጉትን ሄዳ አየች። የዶክትሬት ጥናቷን በ1965 የጨረሰችው በምን ላይ መሰለህ? በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከመሬት በታች ውሃ በሚስቡ ሰዎች ላይ ነው። ሁሉም በሽቅድድም ሲስብ ውሃው ወረደ፤ የባሕር ጨው ከሥር ገባበት። ሁሉም «እኔ ባቆም ሌላው ይስበዋል» ይል ነበር፤ ያንተው ዓይነት ክርክር። በኋላ ተሰበሰቡ። ማን ስንት እንደሚስብ ተለካ፤ ፍርድ ቤትም ሄዱ፤ ድርድርም ተደራደሩ፤ ሁሉም የሚቀንስበት ስምምነት ላይ ደረሱ። ኦስትሮም ከዚያም ሮበርት ኔቲንግ የሚባል አንትሮፖሎጂስት ያጠናትን፣ ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ያለችውን ተርበል የምትባል መንደር በምሳሌነት አቅርባለች። እዚያ ከ1517 ጀምሮ አንድ ሕግ አለ፦ ማንም በክረምት ከሚመግባቸው ላሞች በላይ ወደ ጋራው ግጦሽ አይሰድም። አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት። በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ስትቀበል በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች።

ከእሷ ሥራ እኔ ልቤ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው። የሚሠሩት ደንቦች ብዙ ጊዜ ከነገሩ ጋር የሚኖሩት ሰዎች ራሳቸው ተቀምጠው ያወጧቸው ናቸው። ስለዚህ ሂድ። የምትስበውን መጠን በቁጥር ይዘህ ሂድ። ምናልባት ከላይ በኩል ሌላ ፓምፕ ያለው ሰው አለ። ምናልባት ነገ አንተን የሚያደርቅ ሰው ይመጣል። ያን ቀን ደንብ ቢኖር ደስ ይልሃል።

«ፋብሪካዎቹስ?» ብለሃል። ንዴትህ ትክክል ነው፤ እኔም እናደዳለሁ። ግን ፋብሪካው ወንዝ ስለበከለ የጎረቤትህ ውሃ ከፍ አይልም። የአንድ ሰው ድርሻ ከንቱ ነው የሚለውንም አልቀበልም። በ1974 ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ሞሊናና ሮውላንድ፣ ከመርጫ ቆርቆሮና ከማቀዝቀዣ የሚወጣ ጋዝ፣ ሰማይ ላይ ሆኖ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ንጣፍ እንደሚበላ ጻፉ። እያንዳንዷ ቆርቆሮ ኢምንት ነበረች። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ሕግ ሳይመጣ በፊት መርጫውን መግዛት ተወ። በ1985 ከአንታርክቲካ በላይ ያለው ቀዳዳ ታወቀ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ውሎ አድሮ የዓለም አገራት ሁሉ ተቀበሉት። አሁን ንጣፉ እየዳነ ነው፤ ከዋልታዎቹ ውጪ ባለው ዓለም በ2040 አካባቢ በ1980 ወደነበረበት ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። ያን ያደረጉት መርጫውን መግዛት የተዉት ሰዎች ብቻ አይደሉም፣ መንግሥታቱም ብቻ አይደሉም። ፋብሪካውን ለመጠየቅም ቢሆን የራስህን ለክተህ ስትናገር ድምፅህ ይሰማል።

ደግሞ የዓለምን ሁሉ ሸክም ጫንቃህ ላይ አትጫን። የሩቁን ሁሉ ካሰብክ ቤትህ ውስጥ መብራት ማብራት ያቅትሃል። ያንተ ተራ አንተ የምታውቀው፣ አንተ መቀየር የምትችለው ነው። አሁን ያ ከአጥርህ በታች ያለው ጉድጓድ ነው።

ነፃነት ምንድነው ብለህ ጠይቀሃል። ፓምፕህን የሚያዞረው መብራት የሚመጣው በሰው ግቢ አናት ላይ በተዘረጋ ሽቦ አልፎ ነው። ችግኝህ የሚሸጥበት መንገድ ሌሎች የሚሄዱበት መንገድ ነው። በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ መብቶችን አንድ በአንድ ዘርዝሮ አንቀጽ 29 ላይ ሲደርስ፣ ሰው ለሚኖርበት ማኅበረሰብ ግዴታ አለበት ይላል፤ ምክንያቱም ሰው ሆኖ በነፃነት ሙሉ በሙሉ ማደግ የሚችለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ይህን የጻፉት ነፃነት የሚንቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ነፃነት ሲረገጥ ያዩ ሰዎች ናቸው። ብቻህን በሰላም መኖር የቻልከው ሌሎች ስለተዉህ፣ አንዳንዱንም ስለተሸከሙልህ ነው።

ዛፎቹ ቀሩ። እዚህ ጋ ጎረቤቶችህ በከፊል ትክክል ናቸው። ግቢህ መሀል ያለውን ዛፍ ብትቆርጥ እኔ አዝናለሁ፤ ግን ሐዘኔ አንተን አያስገድድህም። ወንዙ ዳር ያሉት ግን ሌላ ነገር ናቸው። ሥሮቻቸው የወንዙን ዳር ጠፍረው ይዘውታል። ዛፉን ስትቆርጠው ዳሩ በማግሥቱ አይናድም። ሥሩ ከመሬት በታች ቀስ እያለ ነው የሚበሰብሰው፣ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ አንድ ጎርፍ ይመጣና አፈሩ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ማንም ከመጥረቢያው ጋር አያገናኘውም። የሚሄደው አፈር ያንተ ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን የታችኛው ሰው ማሳ ወይም የውሃ መቅጃ ነው።

ፓምፕ ካጠፋህ ነገ መልሰህ ታስነሳዋለህ። የ50 ዓመት ዛፍ ግን ከተቆረጠ አንተም እኔም ሳናየው ነው የሚተካው። ስለዚህ መልሰህ ማስተካከል የማትችለውን ነገር ሁሉ ወደ ኋላ አድርገው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ለአንድ ዓመት ጥላው በየወቅቱ የት የት እንደሚያርፍ ምልክት እያደረግክ ተከታተል። ለችግኝ ከፊል ጥላ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ቅርንጫፍ መመልመል ብቻ የሚበቃህ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላም ከተቸገርክ ከዳሩ ራቅ ያሉትን ቁረጥ፤ የዳሮቹን ተዋቸው።

ወደ እሳቸው ስትሄድ ይቅርታ ይዘህ አትሂድ፤ ጥፋተኛ መሆንህ ገና አልታወቀም። ክርክርም ይዘህ አትሂድ። እንዲህ በላቸው፦ «ያን ቀን ሲመጡ በደንብ አላዳመጥኩዎትም። ውሃው በእኔ ፓምፕ የወረደ መሆን አለመሆኑን አብረን እንድንለካ ፈልጌ ነው።» ከዚያ አፍህን ዘግተህ ስማ። ምናልባት ስለ ትዳርህም ያነሱብህ ይሆናል። «እሱን ለእኔ ይተዉልኝ» በላቸው፣ በፈገግታ። ሁለቱን ነገር ለያይተህ ስታሳያቸው እሳቸውም መለየት ይጀምራሉ።

ፓምፑን ዛሬ ማታ አጥፋው። ጠዋት ከመቅዳታቸው በፊት ገመዱን ይዘህ ውረድ። የስምንቱን ቀን ልኬት ጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።